ወባና የመዘናጋት ዋጋ

እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህችው አገር በዓመት የሚመዘገበውን የወባ ሕሙማን ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች አውርዳ ነበር። በ2030 ወባን ከምድሯ ጨርሳ ለማጥፋትም ቀን ቆርጣ ነበር። ተስፋው ከንቱ ምኞት አልነበረም፤ በአጎበር፣ በመድኃኒትና በሺህ በሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ላብ የተገኘ ነበር። ታዲያ ተሸንፏል የተባለው በሽታ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዴት ሰባት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ?

መልሱን በአንድ ዓመት የአየር ጠባይ ወይም በአንድ ወረዳ የመድኃኒት እጥረት ውስጥ ብቻ የፈለገ አያገኘውም። ወደ ኋላ መቶ ዓመት ያህል መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፦ ወባ ገፍተን ባስወጣነው ቁጥር አልጠፋም፤ ድካም፣ ጦርነት ወይም መዘናጋት እስኪመጣ ጠብቆ ይመለሳል። የመጨረሻ ድል ያልነውን ሁሉ የመንፈቅ ዕረፍት አድርጎብናል። ይህ ቅኝት የሚከተለው ያንን መስመር ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋና ቆላን የለየው መስመር

ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አንኮበርና አዲስ አበባ ሁሉም የተቆረቆሩት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ነው። ነገሥታቱ ደጋውን የመረጡት በወባ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ምሽጉም፣ ለም መሬቱም፣ የአየሩ ምቾትም ነበረ። ዳሩ ግን ቆላ የወረደ ሠራዊት ከጠላት ይልቅ በንዳድ ማለቁን፣ ወደ ቆላ የዘለቀ ነጋዴ ሲንቀጠቀጥ በቃሬዛ መመለሱን ያላየ ትውልድ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ደርሶ ወደ ጎንደር ሲያቀና በቆላው ሰው የሚጨርሰውን ትኩሳት ንዳድ በሚለው በአገሬው ስሙ መዝግቦታል።

የ2,000 ሜትሩ መስመር ምስጢር የሙቀት ጉዳይ ነው። የወባ ተውሳክ ከሰው ወደ ሰው ለመሸጋገር አስቀድሞ በትንኟ ሆድ ውስጥ ማደግ አለበት። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቦታ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት እድገቱን በ12 ቀን ገደማ ይጨርሳል። ሙቀቱ ወደ 20 ሲወርድ ግን አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ከ16 በታች ከሆነ ጭራሽ አያድግም። ትንኟ ያን ያህል ረጅም ዕድሜ እምብዛም የላትም። እናም በደጋው ተውሳኩ ሳይደርስ ተሸካሚዋ ትሞታለች። የኢትዮጵያ መሬት ሦስት አራተኛው ያህል ከዚህ መስመር በታች ነው፤ ከሕዝቡም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለወባ በተጋለጠ አካባቢ ይኖራል። መስመሩም የማይነቃነቅ አጥር አይደለም። ዝናቡ በርትቶ ሙቀቱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ ባለ ዓመት ወባ ወደ ወይና ደጋው ይወጣል። በዚያ የሚያገኘው ደግሞ በሽታውን ለምዶ የማያውቅ፣ ሰውነቱ አንዳችም መከላከያ ያላዳበረ ሕዝብ ነው።

አባቶቻችን ትንኟን አልጠረጠሩም እንጂ ወቅቱንና ቦታውን በሚገባ ያውቁ ነበር። ወባ የሚይዘው እሸት በቆሎ የበላ፣ ሸንኮራ የመጠጠ፣ ፀሐይ የመታው ወይም የቆላ መንፈስ የተዋረሰው ነው ይባል ነበር። ሕሙሙ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል፤ ማታ ማታ ቤቱ በወይራ ይታጠናል። ምክንያቱን ቢስቱም የታዘቡት ልክ ነበር። በቆሎ የሚደርሰው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ ወባም የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ጎርፉ ሄዶ ያቆረው ውኃ ሲቀር ነው። በሁለተኛ ደረጃም የበልግ ዝናብን ተከትሎ ይነሣል።

ተውሳኩና ትንኟ ሲታወቁ

ለሺህ ዓመታት የሰው ልጅ ወባን ከረግረግ የሚነሣ መጥፎ አየር የሚያመጣው በሽታ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። እውነቱ የተገለጠው በአልጄሪያ ነው። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በኖቬምበር 1880 በቆስጠንጢን ከተማ ሆስፒታል የአንድ ወታደር ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የሚንቀሳቀስ ተውሳክ አየ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1897፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በሕንድ ሲከንደራባድ የወባ ሕመምተኛ ደም የጠጣች ትንኝ ሆድ ውስጥ ያንኑ ተውሳክ አገኘ። በማግስቱ ዓመት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ ሰውን የሚለክፈው ወባ የሚተላለፈው አኖፌለስ በተባለችው የትንኝ ዘር መሆኑን አረጋገጡ።

ከዚያ ወዲህ የታወቀው ይህ ነው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማፍራት ደም ያስፈልጋታል። ስትነክስ በምራቋ የምታስገባው ተውሳክ በቅድሚያ ጉበት ውስጥ ይመሽጋል። እዚያ ተራብቶ ወደ ደም ይወጣና ቀይ የደም ሕዋሳትን እያፈነዳ ይባዛል። ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ማንቀጥቀጡ፣ ትኩሳቱና ላቡ የሚመጡት ሕዋሳቱ በሚፈነዱበት ጊዜ ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በኢትዮጵያ በዋናነት ሁለት ዓይነት ተውሳኮች አሉ። ፋልሲፓረም አንጎልን፣ ኩላሊትንና ሳንባን አጥቅቶ በጥቂት ቀናት ይገድላል። ቫይቫክስ ደግሞ ከገዳይነቱ ይልቅ በተመላላሽነቱ ይታወቃል፤ ከፊሉ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። ሁለቱ ጎን ለጎን በስፋት የሚገኙባት ኢትዮጵያ በዚህ ከአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ትለያለች።

በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። የምትራባው በታላላቅ ሐይቆች መሐል አይደለም። ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ፣ ለጡብ ጭቃ በተቆፈረ ቦይ፣ በመንገድ ዳር በቀረ ኩሬ ውስጥ ነው። እንቁላል የነበረችው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሪ ትንኝ ትሆናለች። በአንድ መንደር ዙሪያ የኮቴ ውኃ የሞላባቸው መቶ ጉድጓዶች አሉ ማለት መቶ መፈልፈያ አለ ማለት ነው።

የደምቢያ ሐዘን

ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ለም ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ይተኛበታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ሜዳ፣ በቆላ ድባ ዙሪያ የተነሣ ወባ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ እልቂት ነበር። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከው ያ ተቋም፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጥንስስ ነው።

የባሰው ግን ገና ነበር። በ1958 ክረምት ከወትሮው የበዛ ዝናብና ከወትሮው የበረታ ሙቀት ተገናኙ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በነበሩት ወራት ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ወይና ደጋዎች ተስፋፋ። በ1961 የታተመው ጥናት የታመመውን ሰው 3 ሚሊዮን፣ የሞተውን 150,000 አድርጎ ገምቶታል። የወባ ወቅትና የአጨዳ ወቅት አንድ ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ሲወድቅ ቀባሪውም፣ አጫጁም፣ ውኃ የሚቀዳውም ይታጣል። በሽታው ያልገደለውን ረኀብ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ እልቂት ያደረሰ በሽታ ጥቂት ነው። ሆኖም 1958ን እንደ 1973ቱ ረኀብ በየቤቱ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ይህ መረሳት ራሱ የዚህ ታሪክ አንድ አካል ነው።

የዲዲቲ ዘመንና የመጀመሪያው መዘናጋት

መንግሥት በማግስቱ ዓመት፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅትን አቋቋመ። ወቅቱ የተስፋ ወቅት ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1955 ወባን ከዓለም የማጥፋት ዘመቻ አውጇል። የወባ ማጥፊያ ድርጅቱ በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እየታገዘ ረጪዎቹን ወደ ገጠር አሰማራ።

የረጪው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። እህሉ፣ ማድጋው፣ አልጋውና ቁርበቱ ከቤት ይወጣል። ረጪው ታንኩን በትከሻው አንጠልጥሎ ይገባና የመርጫውን አፍ ከግድግዳው 45 ሳንቲሜትር አርቆ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እኩል እርምጃ እየተራመደ ይረጫል። ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 2 ግራም ዲዲቲ መድረስ አለበት። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ስለሚከብዳት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ መርዙ የሚያገኛትም ያኔ ነው። ለወራት የሚሠራው ይህ መከላከያ ግን ለአዲስ ምርጊት አይበረታም። ለበዓል ወይም ለድግስ ግድግዳው በጭቃና በእበት እንደገና ከተለሰነ ያ ሁሉ ድካም ከምርጊቱ ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ርጭቱ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ወባ የዘጋቸው ሜዳዎች ለእርሻ ተከፈቱ፤ በአዋሽ ሸለቆ ታላላቅ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ፤ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞችም ጎረፉ። ይሁንና በዓለም ዙሪያ ዘመቻው መክሰም ጀመረ። ስሪ ላንካ የሆነችው ለሁሉም ትምህርት በሆነ ነበር። በ1963 በአገሪቱ በሙሉ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 17 ብቻ ነበር። ርጭቱ ቆመ፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። በ1968 እና 1969 ወረርሽኙ ሲመለስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ወባን በቶሎ የማጥፋቱን ዕቅድ ትቶ ወደ መቆጣጠር ዞረ፤ ኢትዮጵያም ተከተለች። ትንኟ ዲዲቲን፣ ተውሳኩ ደግሞ ክሎሮኪን የተባለውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ለመዱ። በኢትዮጵያም ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት እየቆየ የሚነሣ ወረርሽኝ የተለመደ ሆነ።

ስሪ ላንካ ግን በዚያው አልቀረችም። ከወደቀችበት ተነሥታ፣ በረጅም የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እንኳ ክትትሏን ሳታቋርጥ ቆይታ፣ በ2016 ከወባ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተመሰከረላት።

ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ውኃ ሲገደብ

የወባን አካሄድ ከሚወስኑት ነገሮች ብዙዎቹ ከሐኪም ቤት ውጭ ያሉ ናቸው። ከ1984 እስከ 1986 በነበረው የሰፈራ ዘመቻ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተወሰደ። ረኀብ ያደከመው የደጋ ሰው በጣና በለስ ፓዌና በሌሎች ሰፈራዎች ያገኘው አንዱ ክፉ ጠላት ወባ ነበር። በዚያው ዘመን ከጎንደር ተራሮች ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን የወረዱት ቤተ እስራኤላውያንም በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች በረኀብና በበሽታ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻቸውን ቀብረዋል፤ ከገዳዮቹ አንዱ ወባ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ የሚደርሰው ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። የሚያድረው ሜዳ ላይ ወይም በሣር ዳስ ውስጥ ነው። አጎበር የሚሰቀልበት ጣሪያ እንኳ የለውም። ሲታመም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ተውሳኩንም ይዞ ይመለሳል።

ውኃም እንዲሁ ነው። በትግራይ በአነስተኛ ግድቦች አካባቢ የተደረገና በ1999 ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ለግድብ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ ሰባት እጥፍ በወባ እንደሚያዙ አሳየ። የጥናቱ መሪ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ኋላ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር፣ ከ2017 ጀምሮም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነዋል። ጥናቱ ግድብ አይሠራ አላለም፤ ግድብ ሲሠራ የጤና በጀት አብሮ ይያዝ ነው ያለው።

ከሁሉ የሚደንቀው የበቆሎው ነገር ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በዝዋይ አካባቢ የአኖፌለስ አረቢየንሲስ ዕጮችን ሲከታተሉ፣ ከበቆሎ አበባ ብናኝ የሚረግፍበት ኩሬ ውስጥ ያሉት ፈጥነውና ገዝፈው እንደሚያድጉ አስተዋሉ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ መካንና ባልደረቦቹ በ1998 በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የደረሰውን ብርቱ ወረርሽኝ ሲመረምሩ፣ በጓሮው ሁሉ ከተስፋፋው የበቆሎ እርሻ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኙት። የበቆሎ እሸት ወባ ያመጣል ይሉ የነበሩት አረጋውያን ከእውነቱ የራቁት በአንድ እርምጃ ብቻ ነበር። በቆሎን ከደጃፍና ከኩሬ ዳር ራቅ አድርጎ መዝራት፣ እህሉን ሳይተዉ ጉዳቱን መቀነሻ ነው።

2003ና ከእሱ በኋላ የተሠራው ታላቅ ሥራ

በ2003 ወረርሽኙ 211 ወረዳዎችን መታ። በይፋ የተመዘገበው ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን ሕሙማንና ወደ 3,000 ሞት ነበር፤ ጤና ተቋም ሳይደርስ የሞተው ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ክሎሮኪንን ተክቶ የገባው ፋንሲዳርም እየከሸፈ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ለፋልሲፓረም ወባ ኮአርተምን የመጀመሪያ መድኃኒት አደረገ። የኮአርተም ዋና ንጥረ ነገር መነሻ አርቴሚሲኒን ነው። እሱንም ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የጭቁኝ ዘመድ ተክል አወጣችው፤ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

በዚሁ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አለፈ። ከ2005 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 20 ሚሊዮን ያህል በኬሚካል የተነከረ አጎበር ተከፋፈለ። ቀድሞ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወባ ነው ተብሎ በግምት ይታከም ነበር። አሁን በጤና ኬላዋ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕፃን ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሁለት መስመር ከታየ ወባ መሆኑ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። መድኃኒቱም እዚያው ይሰጣል። ከ2000 እስከ 2015 በአፍሪካ የወባ መከላከያዎች 663 ሚሊዮን ሰዎችን ከመታመም እንዳዳኑ፣ ከዚህም 68 በመቶው የአጎበር ውጤት እንደሆነ በ2015 የወጣ ጥናት አስልቷል። ኢትዮጵያ በዚህ ስኬት ውስጥ የራሷ ጉልህ ድርሻ አላት።

ሁለተኛው መዘናጋት

ቁጥሩ ወረደ፤ ፍርሃቱም አብሮ ወረደ። አጎበር እህል መጫኛ፣ ገመድና መከለያ ሆነ። ያረጀው ሳይተካ ቀረ። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ ኋላም በምዕራብ ኦሮሚያና በአማራ ክልል ግጭቶች ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ረጪ ቡድኖች መንቀሳቀስ ተሳናቸው፣ ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ። በ2024ቱ ማዕበል ትልቁን ድርሻ የያዘው ኦሮሚያ ነው። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ ለዓመታት ሲደገፍ የኖረው አጎበርና ርጭት ምን ያህል በሰው እጅ እንደነበረ ታየ።

ጠላቱም እንደ ድሮው አይደለም። መነሻዋ እስያ የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህቺ ትንኝ የከተማ ናት። የገጠር ኩሬ አትጠብቅም፤ ክዳን በሌለው በርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ትፈለፈላለች። በ2022 የበጋ ወራት በድሬዳዋ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከዐሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ዋናዋ ተጠያቂ እሷ መሆኗን አረጋግጠዋል። ወባ የገጠርና የዝናብ በሽታ ነው የሚለው ዕውቀታችን ከእንግዲህ አይበቃም። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ሰው ውኃ አጠራቅሞ የሚኖርበት ቆላማ ከተማ ሁሉ አሁን ተጋላጭ ነው።

ተውሳኩም ተለውጧል። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ተውሳኮች በኤርትራና በኢትዮጵያ ተገኝተዋል፤ ሰውየው ወባ ይዞት ሳለ መመርመሪያው የለብህም ይለዋል። አርቴሚሲኒንን በከፊል የመቋቋም ባሕርይ በኤርትራ፣ በሩዋንዳ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ተረጋግጧል። ከዚሁ ጋር የተያያዘ የዘረ መል ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ታይቷል። መድኃኒቱን ጀምሮ ማቋረጥና ለሌላ ማካፈል ለዚህ መንገድ ይከፍታል።

ተስፋውም በእጃችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 ለሕፃናት ሁለት የወባ ክትባቶች እንዲሰጡ መክሯል። አልጄሪያ በ2019፣ ቻይና በ2021፣ ኬፕ ቨርዴና ግብፅ በ2024 ከወባ ነፃ መሆናቸው ተመስክሮላቸዋል። በሌላ ወገን በ2023 ብቻ በዓለም 263 ሚሊዮን ሰው በወባ ታሞ 597,000 ሞቷል፤ ከሞቱት 95 በመቶው በአፍሪካ ነው። በአፍሪካ ከሞቱት መካከልም ከአራቱ ሦስቱ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

እያንዳንዳችን ምን እናድርግ?

ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሁሉ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ወይም ማስታወክ ሲሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ሕፃን ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ፣ ጡት መጥባት እምቢ ካለ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም። መመርመሪያው ነፃ ነህ ብሎ ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ይገባል። ኮአርተም በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን ከምግብ ጋር ተወስዶ ማለቅ አለበት። ለቫይቫክስ ጤና ባለሙያ ፕሪማኪን ካዘዘ፣ ተኝቶ የቀረውን ተውሳክ የሚያጠፋው እሱ ነውና በሦስተኛው ቀን ተሽሎኛል ብሎ መተው የበሽታውን መመለስ መጋበዝ ነው።

አጎበር በየምሽቱ ይሰቀል፤ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ቅድሚያውም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሁን። ወባ ነፍሰ ጡሯን ለደም ማነስ፣ ልጇን ከክብደት በታች ለመወለድ ይዳርጋል። ቤት በኬሚካል ከተረጨ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አይለሰን። ያቆረ ውኃ በየሳምንቱ ይፋሰስ፣ ጉድጓዱ ይዳፈን። በከተማ ደግሞ በርሜልና ሮቶ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ የማይከደነው በሳምንት አንዴ ተደፍቶ ይታጠብ። ትንኟ ለማደግ ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልጋት፣ በየሳምንቱ የሚደፋ ውኃ ትንኝ አያሳድግም። የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ባለቤቶችም ለቀጠሩት ሠራተኛ አጎበር፣ የሚሰቀልበት መጠለያና የሕክምና መንገድ ማዘጋጀት ደግነት ሳይሆን ግዴታቸው መሆን አለበት።

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለ። ባሕር ዳር፣ አዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ያደገ ሰው ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ሰውነቱ ወባን የመቋቋም አቅሙን ያጣል። እዚያው ነው የተወለድኩት ማለት መከላከያ አይሆንም። ከጉዞ በፊት ሐኪም አማክሮ መከላከያ መድኃኒት መውሰድ፣ ከተመለሱ በኋላም ትኩሳት ከያዘ የት እንደከረሙ ለሐኪም መናገር ሕይወት ያድናል። የቫይቫክስ ወባ ከጉዞው ወራት በኋላም ሊነሣ ይችላልና።

በወባ ላይ የጎደለን ዕውቀት አይደለም። ከ1880 ወዲህ ተውሳኩን፣ ትንኟን፣ መድኃኒቱንና መከላከያውን እናውቃለን። በየጊዜው የጎደለን በሽታው በረደ በተባለ ዓመት ሥራውን አለማቆም ነው። መንግሥት የወባን በጀት ሕሙማን ሲቀንሱ መቀነሱን ይተው፤ ከለጋሾች እጅ የሚጠብቀውንም በራሱ ገቢ የሚተካበትን ቀን ይቁረጥ። ተፋላሚ ወገኖች ጤና ኬላንና ረጪን ከጦርነት ውጭ ያድርጉ። እያንዳንዱ ቤተ ሰብም ከዛሬ ማታ ጀምሮ አጎበሩን ይስቀል፤ የሚቀጥለው ዓመት ወባ ቢቀንስ እንኳ አያውርደው።